የሦስት ቃዳ ሒሳብ

ከወረታ ወዲህ፣ ከጉማራ ዳር፣
ሦስት ቃዳ አለኝ፣ ክረምት ውሃ የሚያድርበት አፈር፤
አባቴ በቀረው ርጥበት ጓያ የዘራበት፣
እኔ ሩዝ ተምሬ ልጅ ያሳደግሁበት።

ሰኔ ላይ ባለሙያው በሞተር መጣና፣
ቦቲውን ከጭቃ ነቀል አረገና፣
«ባዘዘው፣ ስማኝማ፣ ብተናው ይቅርብህ፤
በገመድ፣ በመስመር፤ ያለዚያም ችግኝ አፍልተህ
አዛውረው፤ እጥፍ ነው የምታፍሰው» አለኝ።
እጥፍ የሚለው ቃል ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።
እጥፍ የሰማ ጆሮ ቶሎ አይመለስም፤
እጥፍ ያለ ሰው ግን አብሮ አያርምም።

እኔም ለሦስት ለየሁት፣ ለአንዱም ሳላደላ፤
የላይኛው ብተና፣ እንደ ለመድሁት በእጅ ሙላ፤
መኻለኛው በመስመር፣ ገመድ ተወጥሮ፣
በትርንጎ ማስመሪያ ስንዝሩ ተሰፍሮ፤
የታችኛው ችግኝ፣ ከመደብ ተነቅሎ፣
በአንጓች እጅ፣ በእህቶቿ እጅ አንድ በአንድ ተተክሎ።

ብተናው ግማሽ ቀን፤ ፀሐይ ሳትከርር ቤት ገባሁ።
መስመሩ ሁለት ቀን፤ ከእሱባለው ጋር በገመድ ተጣላሁ፤
«ጠመመ» ይለኛል፣ «አልጠመመም» እለዋለሁ።
ችግኙ ግን፣ ሐምሌ ላይ፣ የችግኙ ነገር...
አምስት ቀን ሙሉ አጎነበሱ ሴቶቹ፣
ጉልበት የሚደርስ ጭቃ፣ አልቅት በየባቶቹ።
አንጓች ቀና ስትል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
ሰማዩን አየችው፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ፈልጋ።

ነሐሴ ፈተነን። ብተናው ላይ አረሙ
ሩዙን መስሎ በቀለ፤ አይለይም ቀለሙ።
የሩዝ ዘመድ ነኝ ብሎ ከሩዝ ጎን እያደረ፣
ስነቅል ሩዝ ነቀልሁ፤ ስተው እሱ ከበረ።
ሦስት ጊዜ አረምነው። መስመሩን ሁለቴ፤
ምስጋና ለገመዱ፣ ለሰኔ ጠላቴ።
ችግኙን አንዴ ብቻ፤ አድጎ ስለ መጣ፣
አረሙ ከሥሩ ጥላ በዝቶት ገረጣ።

ኅዳር። አጨድን፣ ከመርን፣ ለየብቻው ወቃን፤
ትርንጎ ደብተሯን፣ እኔ ጆንያ ይዘን ቆምን።
ብተናው ስምንት ኩንታል፤ ዘጠኝ አልደረሰም።
መስመሩ አሥራ አንድ፤ ምንም አላነሰም።
ችግኙ አሥራ አራት! ጎረቤት ተጠራ፤
እሱባለው አላምን ብሎ እንደገና ቆጠራ።
የኔማ ልብ ጎንደር ገባች፣ ከነጋዴ ተዋዋለች፣
ቆርቆሮ ገዛች፣ በሬ ለወጠች።
ትርንጎ ግን «ቆይ አባ፣ አልጨረስሁም» አለች።

የእርሳሷን ጫፍ ልሳ፦ የሰው ቀን፣ ምሳው፣ ጠላው፣ ዘሩ፣
ዩሪያው፣ የባጃጅ፣ የመፈልፈያ ብሩ።
ቀነሰች፤ ሰረዘች፤ ደግማ ደመረች።
«ችግኙ ቀደመ፤ ግን ከመስመሩ በአንዲት ጆንያ» አለች።
«ሦስት ኩንታል ብልጫው?» አልኳት፤ «የት ገባ?»
«ሠራተኛ በላው፤ ሐምሌ ላይ ነው የወጣው፣ አባ።»

አንጓች ከመቃኑ ተደግፋ ስትሰማን ኖሯል።
«የኔስ አምስት ቀን» አለች፣ «በየቱ በኩል ገብቷል?»

ደብተሩ አራት ዓምድ አለው፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ቅጥር፣ ብር፤
ለቤት ሰው ዓምድ የለው፣ ለወገብ መስመር።
ልጅቱ አሰመረች፣ አምስተኛ፣ ከዳር፣
ጠባብ፣ ቦታ የሌላት፣ ከስፌቱ ሥር።
«እማ፣ ስንት ልበል? ያንቺ ቀን በስንት ይታሰብ?»
አንጓች ሳቀች፤ እንደሚስቅ ሰው አይደለም፣ እንደሚያስብ።
«አምስት ቀን ብለሽ ጻፊ። ዋጋውን ተይው ባዶ፤
ለሐምሌ አባትሽ ይሙላው፣ በራሱ ወገብ ፈርዶ።»

በጥር ባለሙያው መጣ። «የቱ በለጠ?» አለኝ።
«ቆየኝ» አልሁት። «አንድ ባዶ ቦታ ቀረኝ።»

ሐምሌ ሩቅ ነው ገና። ግን ትናንት ማታ፣
ሰው ሳያየኝ ጓሮ ጎንበስ አልሁ ለአፍታ፣
እስከ ስንት እንደምቆጥር። መቶ ሳይሞላ
ቀና አልሁ። ገለባ የምታኝክ ላም አየችኝ ከኋላ።